ዋጋችንን ማን ቆረጠው?

ጅዳ ውስጥ ሁለት ሀበሾች ሲገናኙ ሰላምታው ሳያልቅ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ስንት ነው የሚከፍሉሽ?» መልሱ እንደተሰማ ሁለተኛው ይከተላል፤ «እዛ ቤት ፊሊፒን አለች? እሷስ ስንት ታገኛለች?» እኔ እዚህ አገር አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሁለቱን መካ፣ የቀረውን ጅዳ ነው የሰራሁት። ይህን ያልጠየቀችኝ ልጅ የለችም፣ እኔም ያልጠየቅኳት የለችም። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ማንም አያነሳውም። አንድ ወጥ ቤት ገብተን፣ አንድ ዓይነት መጥረጊያ ይዘን፣ የአንድ ቤት ልጆች እያሳደግን ደሞዛችን እንደ ፓስፖርታችን የሚለያየው ለምንድነው?

መልሱን የምናውቅ ይመስለናል። አንዷ «እነሱ እንግሊዝኛ ይችላሉ» ትላለች። ሌላዋ «እኛ ጥቁር ስለሆንን ነው» ትላለች። ሦስተኛዋ «ቀደር ነው» ብላ ትዘጋዋለች። እኔ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው፤ ከትምህርቱ ሁሉ የምወደው ታሪክ ነበር። ስለዚህ ማታ ስራ ስጨርስ በስልኬ እየፈለግኩ፣ አረብኛውን እየተንተባተብኩ፣ እንግሊዝኛውን እያስተረጎምኩ ነገሩን ተከታተልኩት። ያገኘሁት ከጠበቅኩት የተለየ ነው። ዋጋችን አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። ወጥቷል፣ ወርዷል፣ ድሮ ከእኛ በታች ይሸጡ የነበሩት ዛሬ ከእኛ በላይ ሆነዋል። ቆዳችን ግን ያው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ ስልካችንም ኢቃማችንም በሱ ስለሆነ ይቀላል።)

ከመካ ልጀምር። በዚህች ከተማ በስም የምናውቃት የመጀመሪያዋ ሀበሻ የቤት ሠራተኛ ኡሙ አይመን ናቸው። የራሳቸው ስም በረካ ነው። በነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አባት በአብደላህ ቤት ባሪያ ነበሩ። ነብዩ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና ከመዲና ሲመለሱ አብዋ ላይ ሞቱ፤ ያን ጊዜ ሕፃኑን ይዘው መካ ያደረሱት እኚህ ሴት ናቸው። በዛሬ ኮንትራት ቋንቋ ሞግዚት ማለት ነው። ነብዩ ኸዲጃን ሲያገቡ ነጻ አወጧቸው፣ እንደ እናትም ያከብሯቸው ነበር። ልጃቸው ኡሳማ ገና ሃያ ዓመት ገደማ እያለ የጦር አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ያኔም ያጉረመረሙ ሰዎች ነበሩ።

ቢላልን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እናታቸው ሀማማ ሀበሻ ናቸው። ጌታቸው ኡመያ ኢብን ኸለፍ በመካ ፀሐይ ላይ አስተኝቶ ደረታቸው ላይ ድንጋይ ይጭን ነበር፤ አቡበከር ገዝተው ነጻ አወጧቸው፤ በ630 መካ ስትከፈት ካዕባ ላይ ወጥተው አዛን አሰሙ። ያን ቀን ከቁረይሽ ሰዎች ጥቁር ሰው እዛ ላይ ቆሞ ማየት የመረራቸው እንደነበሩ የሲራ መጻሕፍት ይናገራሉ። በ632 በስንብቱ ሐጅ ደግሞ ዐረብ ዐረብ ካልሆነው፣ ነጭም ከጥቁር በዘሩ እንደማይበልጥ በግልጽ ተነገረ።

ከዚያ በፊት በ615 የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ እኛ አገር ነው የተሻገሩት። የተሳፈሩበት ወደብ ሹዓይባ ከጅዳ በስተደቡብ ነው። ዛሬ እዚያ የባህር ውሃ የሚያጣራ ትልቅ ጣቢያ አለ፤ መካና ጅዳ ላይ ሳህን የምናጥብበት ውሃ የሚመጣው ከሱም ነው። ጅዳ ራሷ የመካ ወደብ የሆነችው በ647 በኸሊፋው ዑስማን ዘመን ነው። የነጃሺን ታሪክ መዳሞቻችን ፊት ስናነሳ «ሰሕ፣ ሰሕ» ይላሉ። እውነት ነው ማለታቸው ነው። ደሞዙ ግን ያው ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው፤ ዲኑ እንዲህ ብሎ ሳለ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ከሐረም አጠገብ የባሪያ ገበያ እንዴት ሊቆም ቻለ? አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ የጠላት ወሬ ነው ይላል። ወሬ አይደለም። ገበያው ነበረ፣ የሚሸጡትም የእኛ ሰዎች ነበሩ።

መንገዱን የእኛ አካባቢ ሰው ሳያውቀው ያውቀዋል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ከእኛ ሰፈር በእግራቸው ወጥተው አፋር በረሃን አቋርጠው፣ ታጁራ ደርሰው፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደዚህ የገቡ ስንት ልጆች አሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነጋዴዎቹ መንገድም በዚያው ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ልጆች፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ከፋው፣ ሲዳማው፣ አንኮበር አጠገብ አልዩ አምባ ይደርሱና ከዚያ በበረሃው ታጁራ ይወርዳሉ። በሰሜን ደግሞ በመተማና በምፅዋ የሚወጡ ነበሩ። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ፤ ከወንዱም ሴቷ ትበዛለች፣ ምክንያቱም ማዶ የሚፈለጉት ሴቶች ናቸው። የሸጣቸው ዐረብ ብቻ አልነበረም። የፈነገላቸው፣ ያሰራቸው፣ ገበያ ያወጣቸው፣ ቀረጥ የሰበሰበባቸው አበሻ ነው። የዛሬን ደላላ ስናይ አዲስ ሰው አይምሰለን።

ማዶ ሲደርሱ ምን ይደረጉ እንደነበር አንድ የሆላንድ ሰው ጽፎታል። ስኑክ ሁርግሮንዬ ይባላል። በ1884 ጅዳ መጣ፣ ሰልሜያለሁ ብሎ አብዱልጋፋር ተባለ፣ በ1885 መካ ገብቶ ግማሽ ዓመት ያህል ተቀመጠ። የተላከበት ጉዳይ ሌላ ነው፤ ሆላንድ ኢንዶኔዥያን ትገዛ ስለነበር የሐጃጆቹን ነገር ለማወቅ ነው። ግን ዓይኑ ብዙ አየ። ሰውዬውን አላምነውም፣ መጽሐፉ ውስጥ ባርነቱን አቅልሎ የሚያይበት ቦታ አለ። ሆኖም ማን ምን ስራ ላይ እንደሚውል የጻፈው ለእኛ ጥያቄ ቁልፍ ነው።

ገበያው በቀለም የተደረደረ ነበር። በጣም ጥቁር የሚባሉት ከሱዳንና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጡት ድንጋይ ፈለጣ፣ ግንባታ፣ ሸክምና የመሳሰለው ከባድ ስራ ላይ ይውላሉ። ሀበሾቹ ለቤት ውስጥ ስራና ለሱቅ ይመረጣሉ፤ ወንዱ የነጋዴ ረዳት እስከመሆን ይደርሳል፣ ሴቷ ደግሞ ጃሪያ ትሆናለች፤ ማለትም አገልጋይም፣ የጌታዋ አልጋም። ዋጋዋ ከሌላው አፍሪካዊ ይበልጣል። ከሁሉም በላይ ውድ የነበሩት ከካውካስ ተራሮች የሚመጡ ነጭ የቸርከስ ሴቶች ናቸው፤ እነሱን የሚገዛው ትልቅ ሀብታም ብቻ ነው። ነጭ ከላይ፣ ሀበሻ መሃል፣ ሌላው ጥቁር ከታች። መደርደሪያ እንዳለው ሱቅ በሉት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ አንዳንዶቻችን «እኛ እኮ እንደ እነሱ አይደለንም፣ መልካችን ለየት ያለ ነው» ስንል የምንኮራበት ነገር ከየት እንደመጣ አናውቅም። ያ አባባል በከፊል የገበያ አባባል ነው። ሻጩ ዋጋ ለማስወደድ የሚናገረው ነበር። የአፍንጫችን መቆም፣ የጠጉራችን መርዘም የተወደሰው ለእኛ ክብር ተብሎ አይደለም፤ በብር ሊለወጥ ነው። አገር ቤትም ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሰው የምንመዝንበት ሚዛን አለ። ሁለቱ ሚዛኖች እዚህ ከተማ ተገናኝተው ነው ለእኛ የተረፉት።

ያም ሆኖ የጃሪያዎቹ ታሪክ ባርነት ብቻ ሆኖ አላለቀም። በሸሪዓው ለጌታዋ ልጅ የወለደች ጃሪያ አትሸጥም፤ ጌታዋ ሲሞት ነጻ ትወጣለች፤ ልጇም ነጻ ሆኖ ከወንድሞቹ ጋር ይወርሳል። በዚህ ምክንያት በጅዳና በመካ ነባር ነጋዴ ቤተሰቦች ውስጥ ሀበሻ ቅድመ አያት ያላት ብዙ ናት። ከመካ ሸሪፎች መካከል እንኳ እናታቸው አፍሪካዊት የሆኑ ነበሩ። በለድ ውስጥ እነዚያን ከእንጨት የተሠሩ ውብ መስኮቶች ያሏቸውን አሮጌ ቤቶች ስናይ ፎቶ እንነሳለን፤ ከመስኮቱ ጀርባ እንጀራ የናፈቃት ስንት ልጅ ቆማ እንደነበር ማን ያስባል። በ2014 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

አሁን ዋጋውን የሚያስቆርጠው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ልንገራችሁ። በ1855 የቱርክ መንግሥት በእንግሊዝ ግፊት የባሪያ ንግድን ሊከለክል ነው ሲባል መካ ላይ አመፅ ተነሳ። ሰዎቹ ትእዛዙ ከሃይማኖት ውጭ ነው አሉ። የጅዳ ትልልቅ ነጋዴዎች ግን ከዚያ ንግድ ብዙ ያተርፉ ነበር። በ1857 ሱልጣኑ የጥቁር ባሪያ ንግድ በግዛታቸው ሁሉ ይቁም ብለው አዋጅ ሲያወጡ ሒጃዝን፣ ማለትም መካን፣ መዲናንና ጅዳን፣ ለይተው ተዉት። እንግዲህ ሌላው ግዛት ላይ ወንጀል የሆነው እዚህ ላይ ንግድ ሆኖ ቀጠለ። ዓለም ሁሉ በአንድ ሕግ ሲሄድ አንድ ቦታ ወይም አንድ ዓይነት ሠራተኛ ተለይቶ እንዲቀር ማድረግ አዲስ ብልሃት አይደለም፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በእኛ በኩል ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን እንድታጠፋ ቃል ገብታ ነው። በ1924 አዋጅ ወጣ፣ በ1931 ተሻሻለ፣ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በ1942 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዋጅ ነው። እስከዚያ ቀይ ባህርን የሚያቋርጡት ጀልባዎች አልቆሙም ነበር።

እዚህ ጅዳ ላይ ግን ሰዎች መውጫ አግኝተው ነበር። የእንግሊዝ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ደርሶ ጥገኝነት የጠየቀን ባሪያ ቆንስላው ነጻነቱን አረጋግጦ ወደ አገሩ የመላክ መብት ነበረው። በ1927 ንጉሥ አብዱልዐዚዝ ከእንግሊዝ ጋር የጅዳን ስምምነት ሲፈራረሙ ያ መብት እንዳለ ቀጠለ። ከየቤቱ እየሸሹ የመጡት አብዛኞቹ የሱዳንና የኢትዮጵያ ተወላጆች ነበሩ። ይህን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። ከመቶ ዓመት በፊት እዚህችው ከተማ ውስጥ ሀበሻ ሴት በሌሊት ከቤት ወጥታ፣ በጠባቡ መንገድ እየሮጠች፣ የቆንስላ በር ታንኳኳ ነበር። ሁሩብ የተመዘገበባት የሚለው ቃል ያኔ አልነበረም እንጂ ነገሩ ነበር።

በ1936 ሳዑዲ የባሪያ ደንብ አወጣች። በባህር ባሪያ ማስገባት ተከለከለ። ጌታው ባሪያውን መመገብ፣ ማልበስ፣ ማሳከም እንዳለበት ተጻፈ፤ ባሪያው ራሱን ለመዋጀት መጠየቅ እንደሚችልም ተፈቀደ። በልዋጩ እንግሊዞች ነጻ የማውጣት መብታቸውን ተዉ። ወረቀቱ ተሻሻለ፣ በሩ ግን ተዘጋ። የትኛው ይሻል እንደነበር እኔ ብጠየቅ በሩን እመርጥ ነበር።

ባርነት በሳዑዲ የተሰረዘው በ1962 ነው፤ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ፈይሰል ባወጡት የአስር ነጥብ እቅድ ውስጥ ነው። መንግሥት ለባለቤቶቹ ካሳ ከፈለ። ለባለቤቶቹ ነው ያልኩት። ነጻ ከወጡት መሬትም ገንዘብም ያልነበራቸው ብዙ ነበሩ፤ እዚያው ቤት ሹፌር፣ ዘበኛ፣ ምግብ አብሳይ ሆነው የቀሩም አሉ። የነሱ ልጆችና ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ በእግር መጥተው የቀሩት፣ ተክሩኒ የሚባሉት፣ በመካና በጅዳ ድሃ ሰፈሮች ውስጥ አብረው ኖሩ። መካ ሳለሁ ሚስፈላ አካባቢ አራትና አምስት ትውልድ የኖሩ፣ ከዐረብኛ ሌላ ቋንቋ የማያውቁ፣ ግን ዛሬም የመኖሪያ ወረቀት የሚያሳስባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። በሌላ በኩል ደግሞ በ2008 ሼኽ ዓዲል አል-ከልባኒ፣ ቆዳቸው ጥቁር የሆነ ሰው፣ በረመዳን በሐረም ተራዊሕ አሰግደዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ከዚያ ነዳጁ መጣ። ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ ቤቶቹ ሰፉ፣ ሳሎኑ ሁለት ሆነ፣ ልጅ የሚይዝና ቤት የሚያጸዳ ሰው ከስሪላንካ፣ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ ይመጣ ጀመር። የእኛ ሰው ያኔ በደርግ ጊዜ እንደልቡ መውጣት አይችልም፤ በሱዳን በኩል በስደት የደረሱ ነበሩ። እንደ ጎርፍ የወጣነው ከ1991 በኋላ ነው። በዚህን ጊዜ የቸርከሷ መደርደሪያ ጠፍቷል። አዲሱ መደርደሪያ ፓስፖርት ነው። ከፊል በሚባለው አሰራር ኢቃማችን በአሠሪው ስም ነው፤ ስለዚህ ገበያ ወጥተን ራሳችን ዋጋ መጠየቅ አንችልም፣ ዋጋችን አገር ላይ ተቆርጦ ነው የምንመጣው።

ታዲያ የፊሊፒኗ ዋጋ እንዴት ወጣ? ቆዳዋ ፈካ ያለ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የኢንዶኔዥያና የስሪላንካ ልጆችም እስያውያን ናቸው፣ እንደሷ ግን አልተከፈላቸውም። እንግሊዝኛውም ረድቷታል፣ አልክድም። ግን የኋላው ታሪክ ይሄ ነው። በመጋቢት 1995 ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች የፊሊፒንስ የቤት ሠራተኛ ሲንጋፖር ላይ በነፍስ ግድያ ተፈርዶባት ተሰቀለች። አገሯ በሙሉ ተነሳ። ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ አለቀሰ፣ መንግሥቱ ወንበሩ ተነቃነቀ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የውጭ አገር ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። በ2006 መጨረሻ ደግሞ የፊሊፒንስ መንግሥት የቤት ሠራተኛ ከ400 ዶላር በታች አትላክም ብሎ ወሰነ። 400 ዶላር ማለት 1500 ሪያል ነው። ብዙ ማዳሞች ፈርመው ያንን አይከፍሉም ነበር፤ የፊሊፒን ልጆችም ደሞዝ ተይዞባቸው፣ ተደብድበው የሚያለቅሱ አሉ። ቢሆንም ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሰፈረ፣ ከጀርባዋም የሚናገርላት ቆመ።

በ2011 ክርክሩ ፈላ። ፊሊፒንስ 400 ዶላሩን አልለቅም አለች። በዚያው ሰኔ አንዲት የኢንዶኔዥያ ሠራተኛ በሳዑዲ በሰይፍ ተቀጣች፤ አገሯ ሠራተኛ መላክ አቆመች። ሳዑዲም ከሐምሌ ወር ጀምሮ ከሁለቱም አገሮች ለቤት ሠራተኛ ቪዛ መስጠት ተወች። ቤቶቹ ግን ሠራተኛ ይፈልጋሉ። መክተቦቹ ዞር ዞር ብለው አዩና ወደ እኛ መጡ። በዚያን ጊዜ ደላላው ገጠር ድረስ ገባ፤ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ከእኛ ቀበሌ ስንት ሴት እንደወጣች አስታውሳለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ በሕጋዊ መንገድ ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ወደ ሳዑዲ ተሸኙ። ደሞዙ ከ1000 ሪያል በታች ነበር። እህቶቻችን እየተጣሉበት ያለ ዋጋ እንዳለ አልነገሩንም። ሳናውቀው የሌላ ሰው አድማ መስበሪያ ሆንን።

ቀጥሎ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በ2013 ፊሊፒንስ ተፈራርማ 400 ዶላሯን ይዛ ተመለሰች። እኛ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ የምሕረቱ ጊዜ ሲያልቅ፣ ተባረርን። ሪያድ መንፉሓ ላይ ሰው ሞተ። በጥቂት ወራት 160 ሺህ ያህል ሰው ተርሂል ሆኖ ተመለሰ፤ ቦሌ ላይ ፌስታል ይዘው በነጠላ ጫማ ሲወርዱ በቴሌቪዥን ያላያቸው የለም። መንግሥታችንም ከጥቅምት ጀምሮ ጉዞውን ከልክሎ ነበር። ክልከላው ግን ያስቆመው በቦሌ የሚሄዱትን ነው፤ በኦቦክ የሚሄዱትን አይደለም። በ2016 አዲስ አዋጅ ወጣ፣ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ አይሄድም ተባለ፤ በ2017 ከሳዑዲ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ በ2018 እገዳው ተነሳ። በብዙዎቻችን ኮንትራት ላይ የሚነበበው 1000 ሪያል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው መደርደሪያ እንምጣ። በሳዑዲ አሠሪው ለመክተብ የሚከፍለው የማስመጫ ወጪ ከፍተኛ ጣሪያ በመንግሥት ይወሰናል። የእኛ ደሞዝ አይደለም፤ እኛን ለማስመጣት የሚከፈለው ነው። በ2024 የወጣውን ዝርዝር ተመልከቱ። ፊሊፒንስ 14,700 ሪያል። ስሪላንካ 13,800። ባንግላዴሽ 11,750። ኬንያ 9,000። ኡጋንዳ 8,300። ኢትዮጵያ 5,900።

ዝርዝሩን መጀመሪያ ሳየው ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ1885 መካ ላይ ሀበሻ ከሌላው አፍሪካዊ በላይ ነበረች። በ2024 ከስድስቱ መጨረሻ ናት። «እንደ እነሱ አይደለንም» የምንላቸው የኬንያና የኡጋንዳ ልጆች በዚህ ወረቀት ላይ ከእኛ በላይ ናቸው። አፍንጫችን አልተለወጠም። የተለወጠው የሚደራደርልን፣ የሚፎካከረን፣ የእኛ ችግር መጠን ነው። እርግጥ ቀለሙ የለበትም አልልም፤ እስያ ከላይ፣ አፍሪካ ከታች መሆኑን ማንም ያያል፤ «ሀበሺያ ርካሽ ናት» ሲባልም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቀለም ማን በርካሽ ሊገኝ እንደሚችል ለመገመት ያገለግላቸዋል። ግምቱን የምታጸድቀው ግን ፊርማ ናት።

በ2019 የቢቢሲ አረብኛ ጋዜጠኞች በስልክ መተግበሪያ ላይ የቤት ሠራተኞች እንደ ዕቃ ለሽያጭ ሲቀርቡ አጋልጠው ነበር፤ ኩዌትም ሳዑዲም። ተናዙል በሚባለው ሠራተኛ ከአንድ ከፊል ወደ ሌላ ትዞራለች፤ ማስታወቂያው ላይ የመጀመሪያው መስመር አገሯ ነው። ምግብ መሥራት መቻሏ ወይም ስንት ዓመት መሥራቷ ከታች ነው የሚመጣው። ሰባት ዓመት የሠራች የእኛ ልጅ ትናንት ከመጣች የሌላ አገር ልጅ ያነሰ የምታገኘው ለዚህ ነው፤ ልምዷ የሚቆጠርበት ዓምድ የለም።

ያዙልኝ ያልኩት ነገር ሕጉ ነው። ሳዑዲ ስራ ላይ አድልዎን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1978 ተቀብላለች። የ2005ቱ የሠራተኛ ሕግ ግን በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ለይቶ አስቀረ። በ2013 ለብቻችን ደንብ ወጣልን፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት እረፍት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ወር የተከፈለበት ፈቃድ። በ2021 ሌላው ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ስራ እንዲቀይር ሲፈቀድለት እኛ አልተካተትንም። የሱልጣኑ አዋጅ ሒጃዝን እንደተወው ማለት ነው። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሚሠራው አዲስ ደንብ ይሻላል፤ የስራ ሰዓት በቀን ከአስር እንዳይበልጥ፣ በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት እረፍት እንዲኖር፣ ከ21 ዓመት በታች እንዳይቀጠር ይላል። አነስተኛ ደሞዝ ግን ለሁሉም እኩል አልቆረጠም። እሱን አሁንም እያንዳንዱ አገር ለየብቻው ነው የሚደራደረው። ስድስት አገር ለየብቻው ሲደራደር ማን እንደሚጠቀም የገበያ ሴት ሁሉ ታውቃለች።

የአገራችን ተደራዳሪዎች ሲቀመጡ እጃቸው ላይ ምን መረጃ እንዳለ አላውቅም፤ እኔንና ጓደኞቼን ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም። ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፣ ለእናንተም ይኸው። ስም ሳይጻፍ፣ የአሠሪ ስምም ሳይጠቀስ፣ አራት ነገር ብቻ በድምፅም በጽሑፍም ላኩልን፤ ኮንትራታችሁ ላይ ስንት ተጽፏል፣ እጃችሁ ላይ ስንት ይገባል፣ ስንት ዓመት ሠርታችኋል፣ አብራችሁ የምትሠራ የሌላ አገር ልጅ ካለች እሷ ስንት ታገኛለች። የኬንያዋንና የኡጋንዳዋን ልጅ ስትጠይቁ የእናንተንም ንገሯት። ሙሳነድ ላይ ውላችሁን ከፍታችሁ ማየት የማትችሉ ካላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ከዒሻ በኋላ ደውሉልኝ፣ በስልክ አብረን እናየዋለን።